ዶሮዋ የልጁ ናት፤ እንቁላሉስ የማን ነው?

በአገራችን የዶሮ እርባታን በቅርብ ያየ ሰው ሁለት ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ዶሮዋን ውኃ የሚያጠጣት፣ ከጭልፊት የሚጠብቃትና እንቁላሏን ከየጥጋጥጉ ፈልጎ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ዶሮዋ ስትሸጥ ወይም ስትታረድ ግን ያንን ልጅ የሚጠይቀው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። መነሻዬ ጅጅጋና ከጅጅጋ በስተሰሜን ያለው የሶማሌ ክልል፣ በተለይም የደምበል ወረዳ ነው።

ዶሮ ለማየት ወደ ደምበል የሚሄድ ሰው የለም። አርብቶ አደሩ ሀብት ሲል ግመል፣ ላም፣ በግና ፍየል ማለቱ ነው። ዶሮ ከዚህ ተራ አትገባም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ግጦሽና ውኃ ተከትሎ የሚጓዝ ቤተሰብ ግመሉን እየነዳ ይሄዳል እንጂ ዶሮ እየነዳ አይሄድም። ስለዚህ ዶሮ በዚህ አካባቢ የከተማና የሰፈራ እንስሳ ናት፤ በጅጅጋ፣ በሽንሌ፣ በኤረርና በመንገድ ዳር ከተሞች ግቢ ውስጥ ትገኛለች። የቁጥር ነገር ከተነሣ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የስታትስቲክስ ጥናት በአገሪቱ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዳሉ፣ ከአሥሩም ስምንት ያህሉ የአገር ዝርያ እንደሆኑ ያሳያል። ነገር ግን እነዚህ ዓመታዊ ጥናቶች በአፋርና በሶማሌ ክልል ያሉ በርካታ የአርብቶ አደር ዞኖችን ሳይጨምሩ ነው የኖሩት። የደምበል ልጅ የያዛት ዶሮ ካለች፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ መግባቷ ያጠራጥራል።

ታዲያ ለምን ደምበል? ዶሮ ባይኖርም፣ ለጥያቄው የሚያስፈልገው ሕግ እዚያ ስላለ ነው። በሶማሌ ባህል ሕፃን ሲወለድ ሑዱን-ሒር የሚባል ስጦታ አለ። ቃሉ እትብት ማሰር እንደማለት ነው። ለተወለደው ልጅ አንዲት እንስት ግመል ወይም ሌላ እንስሳ ትሰጠዋለች፤ እሷም የምትወልደውም የልጁ ናቸው። ልጁ አድጎ የራሱን ኑሮ ሲጀምር መንጋው ከዚያች ይነሣል። በጎረቤት ኦሮሞም ሀንዱራ የሚባል ስጦታ አለ፤ ይህም እትብት ማለት ሲሆን ለልጅ ላም ወይም ጊደር የሚሰጥበት ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በየራሳቸው ቋንቋ እትብትን መጥራታቸው ለእኔ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የልጅ ንብረት ሰው ፊት ይሰጣል፣ ስም ይወጣለታል፣ የሚነካ ካለም ይጠየቃል።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። በደጋው የልጅ ዶሮ ብዙ ናት፤ ሕግ ግን የላትም። እናት ጫጩት ሲፈለፈል «ይቺ የአንተ፣ ይቺ የእህትህ» ትላለች። ልጁ ቀለሟን ይይዛል፤ ገብስማ ትሁን ወሰራ ወይም ዝግርማ፣ ከሩቅ ያውቃታል። ጎረቤት ዘንድም የርቢ የሚባለው አሠራር አለ፤ ዶሮ የሌለው ልጅ የሰው ዶሮ ወስዶ ይጠብቅና ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ድርሻውን ያገኛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በዓል ሲደርስ ግን «የአንተ» የተባለችው ዶሮ ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ ገንዘቡ ለዘይት፣ ለጨው፣ ለደብተር ይውላል። እኔም በልጅነቴ የእኔ ናት የተባለች ቄብ ነበረችኝ፤ ለበዓል ስትሸጥ የሰማሁት ከተሸጠች በኋላ ነው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው ተረት ለዶሮዋ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ቤቱ ውስጥ ከታረደችም ታሪኩ ብዙ አይለወጥም። አሥራ ሁለቱ ብልት ሲከፋፈል ፈረሰኛው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆች ዘንድ የሚደርሰው ክንፍና አንገት ነው። እንቁላሉም ቢሆን ከጎጆው ወደ ሱቅ የመሄድ ዕድሉ ወደ ልጁ ሳህን ከመሄድ ዕድሉ ይበልጣል። ይህን ስል እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ በብዙ የገጠር ቤት ሴቲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝበት ብቸኛ ገንዘብ ነው። ልጁ ከሚነጠቅባት ይልቅ እሷ ሌላ ገቢ የሌላት መሆኑ ነው ትልቁ ችግር።

የሀላባው ሙከራ

ይህንን ክፍተት በቀጥታ የነካ ሥራ በአገራችን ተሠርቷል፤ የሚገባውን ያህል ግን አልተወራለትም። በቀድሞው ደቡብ ክልል፣ በሀላባ ልዩ ወረዳ፣ ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ለሕፃናት ዶሮ ሰጡ። ለእናት ወይም ለአባት አልሰጡም፤ ለልጁ ነው የሰጡት። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች በተገኙበት ሥነ ሥርዓት ተሰጡ። ወላጆች ዶሮዎቹ የልጁ እንደሆኑ ተቀብለው፣ ከእንቁላሉ ልጁን በየቀኑ ሊመግቡ ቃል ገቡ። የዶሮ ቤት እንዲሠሩም ተነገራቸው። የእንቁላሉ ቅርፊት ተቀቅሎና ተፈጭቶ ለካልሲየም እንዲውል የሚያደርግ ትምህርትም አብሮ ተሰጠ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ፤ በ2022 ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ የተካሄደው ሰፋ ያለ ሙከራ ውጤት ወጣ። ዶሮ በስማቸው የተሰጣቸው ሕፃናት የደም ማነሳቸው ቀንሶ፣ እድገታቸውም ተሻሽሎ ተገኝቷል። እኔን የገረመኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ተመራማሪዎቹ በሳይንስ ስም ያደረጉት፣ በደምበል ለአንዲት ግመል ሲደረግ የኖረውን ነው። ንብረቱን በሰው ፊት ለልጁ ሰጡት።

የሁለት ዶሮ ቁጥርም እንዲያው የመጣ አይደለም። አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ያህል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትጀምራለችና። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ እንቁላል ለማድረስ እንግዲህ ሰባት ያህል የአገር ዶሮ ያስፈልጋል፤ ያውም አንድም ጫጩት ሳይፈለፈል። በዓመት 180 ወይም 200 የምትጥል የተሻሻለች ዶሮ ከሆነች ግን ሁለት ይበቃሉ። ሁለቱ ዶሮዎች በዓመት የሚበሉት መኖ ወደ 80 ኪሎ ይጠጋል፤ አንድ ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትፈልጋለች። ግቢ ውስጥ ጭራ የምታገኘው የተወሰነውን ይሸፍናል፤ በሙሉ አይሸፍንም። «ለልጅ ዶሮ ስጡ» የሚል ሁሉ ይህን 80 ኪሎ ከየት እንደሚመጣ አብሮ መናገር አለበት።

እንቁላል በራሱ ተአምር እንዳልሆነም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኳዶር ኮቶፓክሲ የተካሄደው ጥናት ከስድስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በቀን አንድ እንቁላል የተመገቡ ሕፃናት መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን አሳይቶ በዓለም ዙሪያ ተወርቶለታል። ከዚያ በኋላ በማላዊ ማንጎቺ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን በቁመት ላይ ለውጥ አላገኘም። በማንጎቺ ሕፃናቱ ቀድሞውንም ዓሣ ይመገቡ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶ ያህሉ ቀንጭረዋል በተባለበት በእኛ አገር (የ2011 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥር ነው) ከዓሣ ጋር የሚወዳደር ምግብ ስለሌለ፣ የእኛ ጉዳይ ወደ ኢኳዶሩ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ከቆጥ ላይ የሚወርደው

ለልጅ ዶሮ መስጠት ጉዳትም አለው፤ ይህን ክፍል በተለይ ወላጆች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ዴሪክ ሂዲ እና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ አግኝተዋል። ነገር ግን ዶሮዎቹ ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግንኙነቱ ወደ ጉዳት ይገለበጣል። ዶሮዋ ከምትሰጠው የምትወስደው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ምክንያቱ ከቆጥ ላይ የሚወርደው ኩስ ነው። የሚድህ ሕፃን ወለሉን ይነካል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ኩሱን ራሱን ይበላል። ተቅማጥ ባይታይበትም አንጀቱ ቀስ በቀስ ይጎዳና የሚበላው ምግብ ሰውነቱ ላይ አይውልም።

ከጅጅጋ በሐረር በኩል ስንመጣ የምናገኘው ሐረማያ ይህ በቅርብ የተጠናበት ቦታ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በወረዳው ሕፃናት ላይ ባደረገው ምርመራ፣ በመጀመሪያው ዙር ከታዩት ግማሽ ያህሉ ካምፒሎባክተር የተባለ ተህዋስ በሰገራቸው ተገኝቶባቸዋል። ይህ ተህዋስ በዶሮ አንጀት ውስጥ ዶሮዋን ሳያሳምም የሚኖር ነው። በዶሮ ብቻ አይመጣም፤ ላም፣ በግና ፍየልም ይሸከሙታል። ስለዚህ የደምበል አርብቶ አደር ልጅ ዶሮ የለውምና ይድናል ማለት አይደለም። ግልገልና ጠቦት ከሕፃን ጋር በአንድ ጣሪያ ስር በሚያድሩበት ቤት ሁሉ ነገሩ አንድ ነው።

ዶሮን ከቤት ማስወጣት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰዎች ዶሮን ቤት ውስጥ የሚያሳድሩት ንጽሕና ጠልተው ሳይሆን ሌባና ሸለምጥማጥ ፈርተው ነው። ስለዚህ የዶሮ ቤት ሲሠራ ሁለቱንም የሚያስቀር መሆን አለበት፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ኩስ የሚያሳልፍ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ተጠግቶ ድምፅ የሚሰማበት። የሥራው ድርሻም በዕድሜ መለየት አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጫጩት ባይዝ ይመረጣል፤ ሳልሞኔላ በተለይ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ኩስ መጥረግ የትልልቆቹ ሥራ ነው። እንቁላልም በደንብ ሳይበስል ለልጅ አይሰጥም።

ሁለተኛው ጉዳት በልጁ ልብ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ስሙም ፈንግል ይባላል። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። ልጅ ስድስት ወር የደከመባትን ዶሮ በሁለት ቀን ውስጥ አንገቷ ተጣምሞ ሲያያት ዳግመኛ ዶሮ አልይዝም ቢል አይፈረድበትም። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል፤ ከሚያመርታቸውም ሙቀት የሚቋቋመው አይ-ቱ የሚባለው ዓይነት ለቆላ አካባቢ ይሻላል፤ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በየሦስትና አራት ወሩም ይደገማል። ችግሩ ክትባቱ በብልቃጥ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ ተሰልቶ መሆኑ ነው። ሁለት ዶሮ ላለው ልጅ ብልቃጥ የሚከፍት የለም። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ልጆች ዶሯቸውን በአንድ ቀን ማስከተብ አለባቸው። ከዚህ ወዲያ ልጆችን የሚያሰባስብ ጥሩ ምክንያት አላውቅም።

ጫጩት ለሚገዛ የከተማ ወላጅ አንድ ምክር ልጨምር። የአንድ ቀን ጫጩት ለልጅ አይገዛም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ አይሆንም። በዙሪያው ድርቆሽ የታጨቀበት፣ ጫጩቶቹ በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት የሚሞቁበት ሳጥን በአገራችን ተሞክሮ ሠርቷል፤ ቢሆንም ጥቂት ጫጩት ብቻ ከሆኑ ሙቀቱ አይበቃም። የሚሻለው ክትባት የጨረሰችና 45 ቀን ያለፋት ቄብ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ችክንን የመሳሰሉ ድርጅቶች ጫጩቱን ለአሳዳጊዎች የሚያከፋፍሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሳዳጊዎቹ ክፉውን ጊዜ አሳልፈው ለገበሬው ይሸጣሉ።

ዶሮ ይዞ ሰው ፊት መቆም

በውጭ አገር ልጅ ዶሮ ካሳደገ በኋላ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ ለትርዒት ያቀርባታል። በእንግሊዝ አገር የዶሮ ትርዒት እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን የእንስሳት መካነ ጥበቃ ተደርጓል፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው በ1849 በቦስተን ነበር። የልጆቹን ነገር ወግ ያስያዘው ግን በ1902 በኦሃዮ የተጀመረው፣ በኋላ ፎር-ኤች ተብሎ የተጠራው የገጠር ልጆች ክበብ ነው። አራቱ «ኤች» ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ናቸው።

በዚህ ትርዒት ሁለት ዓይነት ዳኝነት አለ። አንደኛው ዶሮዋን ይመለከታል፤ ላባዋ፣ ቀለሟ፣ አቋሟ። ለእኛ ይህ ብዙም አይጠቅመንም። ሁለተኛው ልጁን ይመለከታል። ልጁ ዶሮዋን ከሳጥን አውጥቶ፣ እግሯን በጣቶቹ መካከል ይዞ ክንዱ ላይ ያስቀምጣታል። ክንፏን ዘርግቶ ቅማል እንዳለባትና እንደሌለባት ያሳያል። የደረቷን አጥንት ዳስሶ መክሳቷን ወይም መወፈሯን ይናገራል። ከኋላዋ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ለክቶ፣ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ከሆነ እየጣለች ነው፣ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች ይላል። ዳኛው ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደተከተበች፣ ስንት እንቁላል እንደጣለች ይጠይቀዋል። መዝገብ ያልያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሚገርመው፣ ይህንን ጥበብ የሚያውቁት የኦክላሆማ ሰዎች ወደ ደጃችን መጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በተፈረመው ስምምነት መሠረት የኦክላሆማው ኮሌጅ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ አቋቁሞ እስከ 1968 ድረስ ረድቷል። ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ በዚያው ዘመን በጅማና በዓለማያ በኩል ገቡ። ዝርያው ቀረልን፤ ልጅን ከነመዝገቡ ሰው ፊት የማቆሙ ልማድ ግን አልተስፋፋም።

ትርዒት ጨርሶ የለንም ግን አልልም። የዶሮ ገበያው ትርዒት ነው። በደጋው ገበያ ገዢው ዶሮውን አንስቶ ይመዝነዋል፤ ቀለሙን ያያል፤ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ይሁን ድርብ ይመረምራል። ለበዓል ቀይ አውራ ዶሮ ዋጋው ይወጣል፤ ጥቁሩ ለሌላ ጉዳይ ካልተፈለገ ይወርዳል። ልጅ ይህን ሁሉ ከእናቱ ጎን ቆሞ ይማራል። በጅጅጋ ደግሞ ከብት ገበያው እንዲሁ የወንድ ልጆች ትምህርት ቤት ነው፤ የፍየል ጥርስ ማየትና ዕድሜ መገመት የሚያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ ማግኘት አይከብድም። የዶሮ አጥንት ለክቶ መጣሏን መናገር ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የአንድ ቀን ትምህርት ነው።

ገበያውና ትርዒቱ የሚጋሩት አደጋ አለ። ከየቤቱ የመጡ ዶሮዎች አንድ ቦታ ሲገናኙ በሽታም ይገናኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2022 የወፍ ጉንፋን ሲዛመት በርካታ ግዛቶች የዶሮ ትርዒቶችን ሰርዘዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ልጆች የዶሮ ፎቶግራፍ ወይም የመጫወቻ ዶሮ ይዘው ቀርበው ስለ አያያዙ ተጠይቀዋል። ለእኛ ይህኛው ይሻለናል ብዬ አስባለሁ። ዶሮዋ ቤቷ ትቅር፤ ልጁ መዝገቡን ይዞ ይምጣ። ዳኛው ወደ ቤቱ ሄዶ የዶሮዋን ማደሪያ ቢያይ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ዶሮዋ ከሕፃናት ጋር ማደሯን ወይም ለብቻዋ ማደሯን የሚያውቀው እዚያ ነውና።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ከወተትና ከማር ጋር ይዞ በየክልሉ ጫጩት ሲከፋፈል ቆይቷል። ጫጩቱ የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው፤ በቅጹ ላይ የሚሰፍረውም የአባወራ ወይም የእማወራ ስም ነው። በሀላባ ከታየው አንጻር፣ ከሚታደሉት መካከል ሁለቱ በልጁ ስም ቢመዘገቡ ተጨማሪ ወጪ የለውም። የእናቲቱ ገቢ እንዳይነካ የቀሩት ዶሮዎች የእሷ ይሁኑ።

የአየሩን ነገር በተመለከተ፣ ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ለተሻሻለ ዶሮ ትስማማለች። ወደ ሲቲ ዞን ሜዳ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ዶሮ መብላት ትቀንሳለች፣ እንቁላሏም ይቀንሳል። ውኃ ደግሞ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። ውኃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት የደምበል ቀበሌ ሁለት ዶሮ በቀን ግማሽ ሊትር መጠጣቷ ቀላል ወጪ አይደለም። እንዲህ ባለው ቦታ ለልጁ ዶሮ ከመስጠት የምትታለብ ፍየል መስጠት ይሻላል፤ ወተቷ የልጁ ነው ተብሎ በሽማግሌ ፊት ከተነገረ፣ ሑዱን-ሒርን የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ለማስረዳት የሚያስቸግር አይሆንም።